ከሞተሩ ላይ ስንት ኪሎ ይውረድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ እኔ በስናን ወረዳ የምሠራ የጤና ባለሙያ ነኝ። ከረቡዕ ገበያ ተነሥቼ በጮቄ ሥር ወዳሉት ቀበሌዎች በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል የክትባት ሣጥን ጭኜ እመላለሳለሁ። ካናዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ የሚነዳ ስኖውሞቢል የሚባል ተሽከርካሪ አለው። በቅርቡ በላከልኝ ቪዲዮ ማርሚታውን፣ ባትሪውን፣ ወንበሩንና ሌሎችንም ክፍሎች አውጥቶ ሌሎች ድርጅቶች በሚሠሯቸው ቀላል ዕቃዎች በመተካት 15 ኪሎ ግራም ያህል እንደቀነሰና አነዳዱ ፈጽሞ እንደተለወጠ ነግሮኛል። የእኔ ሞተር ግን ከረቡዕ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። እኔም እንደ እርሱ ባቀልለው ይረዳኛል ወይ? የሚረዳኝ ከሆነስ ከየትኛው ክፍል ልጀምር?

መልስ፦ የወንድምዎ ሥራ ትክክል ነው፤ ለእርስዎ ግን እርሱ የጀመረበት ቦታ ትክክለኛው መጀመሪያ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት የእርሱ ተሽከርካሪ ለምን እንደሚቀልል ማወቅ ስለሚጠቅም ከዚያ ልነሣ።

ስኖውሞቢል ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻዎች፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው በመሪ የሚነዱት ተሽከርካሪ ነው። ለተራራ ተብሎ የሚሠራው ዓይነት ዙሪያው ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ቀበቶ አለው፤ በቀበቶው ላይ በረዶውን እየቧጠጡ ወደ ኋላ የሚገፉት ጥርሶችም ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። ሞተሩ በብዛት 850 ሲሲ ገደማ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሲሆን 160 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ይሰጣል፤ የተሽከርካሪው ክብደት ያለ ነዳጅ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እኛ በጎጃም በረዶ ስንል ወዲያው የሚታሰበን በክረምት እንደ ጠጠር እየወረደ የጮቄን ገብስ የሚያጋድመው ነው። የወንድምዎ በረዶ ግን እንደ ተነፋ ዱቄት የላላና ከሰው ወገብ በላይ ሊከመር የሚችል ነው። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ከባድ ተሽከርካሪ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ደግሞ ከጉድጓዱ የሚያወጣው የነጂው ክንድና ወገብ ነው። ዳገቱን በአግድም ሲያቋርጥም ነጂው ተሽከርካሪውን በሰውነቱ ጉልበት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መያዝ አለበት። ስለዚህ 15ቱን ኪሎ ከሞተሩ ይልቅ የወንድምዎ ወገብ ነው የሚያውቃቸው።

እነዚያ ኪሎዎች የሚገኙት ከተለያዩ ቦታዎች ነው። የፋብሪካው ማርሚታ የድምፅ ሕግን እንዲያሟላ ታስቦ ስለሚሠራ ከባድ ነው፤ በስስ ቲታኒየም ወይም በማይዝግ ብረት ሲተካ በአንድ ጊዜ ብዙ ክብደት ይወርዳል። የእርሳስ ባትሪው በሊቲየም ይተካል፤ ገመድ ስቦ ማስነሣት የማይሰለቸው ነጂ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማስነሻውን ጭምር ያወጣዋል። ወፍራሙ ወንበር በቀጭን፣ የብረት ሞላው በቲታኒየም ሞላ ወይም በአየር በሚሠራ ይለወጣል። ኃይል የሚያስተላልፈውን ካቴና ከነዘይት ቤቱ አውጥተው ቀላል ቀበቶ የሚያስገቡም አሉ። የቲታኒየም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ያንኑ የሚያህል ቲታኒየም ግን 4.5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። ማርሚታው ሲለወጥ የአየርና የቤንዚኑ መጠን ሊዛባ ይችላል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ከልክ በላይ ስለሚግል ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ሊቲየም ባትሪ በብርቱ ቅዝቃዜ ይፈዛል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች በርካሽ ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው እያንዳንዱ ኪሎ ግን ከቀዳሚው እየተወደደ ይሄዳል። ወንድምዎን ካነጋገሩት አካፋውን፣ የበረዶ ናዳ መፈለጊያ መሣሪያውንና በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ሰው የሚፈለግበትን ዘንግ ለክብደት ብሎ ቤት እንዳይተው ይንገሩልኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ሞተር ልምጣ። ሞተር ሳይክልዎ 120 ኪሎ ግራም፣ እርስዎ 65፣ የክትባት ሣጥኑና ሌላው ጓዝ 25 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ሞተሩ ዳገት የሚያወጣው እንግዲህ 210 ኪሎ ግራም ነው። ባትሪውን፣ ማርሚታውንና ወንበሩን ለውጠው በብዙ ወጪ 5 ኪሎ ቢቀንሱ ያተረፉት ከመቶ 2.4 ብቻ ነው፤ ይህም በዳገት ላይ ቢኖርም የማይታወቅ፣ ቢቀርም የማይናፍቅ ልዩነት ነው።

የሞተርዎ ዋና ጠላት ክብደት ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 75 ያህሉ ነው። 3,500 ሜትር ሲደርሱ ወደ 65 ይወርዳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው የጮቄ ጫፍ ደግሞ 60 አካባቢ ይሆናል። ሞተር የሚሠራው በሚስበው አየር መጠን ስለሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የነበረው ጉልበት 3,500 ሜትር ላይ ሲደርስ በግርድፉ ከመቶ 13 ያህል ይቀንሳል። ይህንን በክብደት ቅነሳ ብቻ ላካክስ ቢሉ ከ210 ኪሎ ውስጥ 28 ኪሎ ማውረድ ይኖርብዎታል፤ ይህም የክትባት ሣጥኑን ከነጓዙ ትቶ ከመሄድ ይበልጣል።

ስለዚህ ገንዘብዎን መጀመሪያ የሚያወጡት ካቴናው በሚዞርበት የፊት ጥርስ ላይ ይሁን። የፊቱ ባለ 14 ጥርስ ከሆነና በባለ 13 ከተኩት የኋላ ጎማ የሚያገኘው የመጎተት ኃይል ከመቶ 7.7 ያድጋል፤ ይህም በአንድ ርካሽ ዕቃ ከ210 ኪሎ ላይ 15 ኪሎ ያህል ከማውረድ ጋር የሚመሳሰል ውጤት ነው። በእርግጥ ጥርሱ ጉልበት አይፈጥርም፤ ፍጥነትን በመጎተት ይለውጣል፤ ስለዚህ ወደ አማኑኤልና ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሞተሩ ከቀድሞው ይልቅ ይጮኻል፣ ካቴናውም በጠባብ ጥርስ ላይ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል። ለዳገት ሠራተኛ ግን ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በተለይ እስካሁን ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው ይወጡ ከነበረ ሙሉ በሙሉ ለቀው መውጣት ስለሚችሉ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይተርፍልዎታል።

ቀጥሎ ካርቡራቶሩን ያስመርምሩ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚያቀርበው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትተው ቢያዩት ነገሩን ይነግርዎታል፤ ወደ ቡና የሚያደላ ግራጫ ከሆነ መልካም ነው፣ ከሰል ከመሰለ ግን ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳው ጀት በአንድ ቁጥር ያነሰ መሆን አለበት። በኤሌክትሮኒክ መንገድ ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህንን በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ አይነኩም። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ለጮቄ በተስተካከለ ካርቡራቶር ከደጀን ወደ አባይ በረሃ አይውረዱ። ድልድዩ ያለው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ያ ያነሰ ጀት የሚሰጠው ቤንዚን አይበቃም፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን ረጅም ዳገት በዚህ ሁኔታ ከጀመሩት ደግሞ ቫልቭ እስከማቃጠል ሊደርስ ይችላል። የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ በበጋ አቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት፣ ፍሬኑ ጎማውን ይዞ እንዳይቀር ማየት ደግሞ ወጪ የሌላቸው ሥራዎች ናቸው። ጎማውን አንሥተው በእጅዎ ቢያዞሩትና ወዲያው ቢቆም፣ ያ ፍሬን ከብዙ ኪሎ ጭነት ይልቅ እየጎተተዎት ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ክብደት መቀነስ ትርጉም ይኖረዋል፤ በነፃ የሚወርደውም ክብደት ከሚገዛው ይበልጣል። አስቀድመው ሞተሩን ይመዝኑት። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እህል ነጋዴዎች ጆንያ የሚመዝኑበት ባስኩላ ይበቃል። የፊት ጎማውን በባስኩላው ላይ፣ የኋላውን በዚያው ከፍታ ልክ ባለ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ አድርገው ይመዝኑ፤ ቀጥሎ አቀያይረው ይመዝኑና ሁለቱን ይደምሩ። እኔ እስካሁን ከባለቤቱ ግምት ያነሰ ውጤት የሰጠ ሞተር አላጋጠመኝም።

ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ክብደት ያለው ከኋላ ባለው የጭነት መደርደሪያ ላይ ነው። በከተሞቻችን የብየዳ ቤቶች የሚሠራው መደርደሪያ ከቤት ሥራ በተረፈ ፌሮ የሚበየድ ነው፤ ጥንካሬው የሚለካውም በመወፈሩ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 6 ሜትር የፈጀ መደርደሪያ ብቻውን 5.3 ኪሎ ነው። ያንኑ መደርደሪያ ውጫዊ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ የብረት ቱቦ ቢያሠሩት ክብደቱ ወደ 2.6 ኪሎ ይወርዳል። አንባቢ የማያምነው ነገር ቢኖር ይህ ባዶ ቱቦ ከድፍኑ ፌሮ ይልቅ መታጠፍን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መቋቋሙ ነው። ብረት መታጠፍን የሚቋቋመው ከመሐሉ በራቀው ክፍሉ ስለሆነ በፌሮው መሐል ያለው ብረት በአብዛኛው የሚጠቅመው ለክብደት ብቻ ነው። ወንድምዎ በቲታኒየም የሚገዛውን ነገር እርስዎ በብየዳ ቤት ያገኙታል ማለት ነው። ብየዳው ስስ ግድግዳ እንዳይበሳ ግን ቀጭን ኤሌክትሮድ የሚጠቀምና እጁ የተፍታታ ባለሙያ ይምረጡ።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የመረሬ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ሲደርቅ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ጎማውን የሚይዝበትንም ኃይል ያስቡት። የፊት ፓራፋንጎው ለጎማው በጣም የቀረበ ከሆነ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ እንዲታሰር ማድረግ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይሻላል። ቤንዚንም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር 740 ግራም ገደማ ስለሆነ ታንከሩ ግማሽ ሲሆን 4 ኪሎ ይተርፋል። ይሁንና ቤንዚን በተገኘበት ቀን ሞልቶ ማሳደር ልማድ በሆነበት አገር ይህንን ምክር የሚከተል ሰው አልጠብቅም፤ እኔም አልከተለውም። የክትባት ሣጥኑን በተመለከተ ከቀዝቃዛ ከረጢቶቹ ላይ አንዳችም እንዳይቀንሱ።

አንዳንድ መካኒኮች «የጎማና የቸርኬ ክብደት ከሌላው እጥፍ ነው» ሲሉ ይሰማል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ ወይም ፍጥነት ሲጨምር በጎማው ዙሪያ ያለው ክብደት ወደ ፊት መሄድም መሽከርከርም ስላለበት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይወስዳል። በተመሳሳይ ፍጥነት ረጅም ዳገት ሲወጡ ግን ኪሎው በጎማም ይሁን በወንበር ላይ ልዩነት የለውም። ቀላል ጎማ በጠጠር መንገድ ላይ የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም፣ ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲያንስ ጎማው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ መሬት ከመልቀቅ ይልቅ መሬቱን ተከትሎ መሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ የሞተሬን ማርሚታ መሐል ላይ አስቆርጬ ውስጡን ባስወጣው ክብደቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል ብለው ጓደኞቼ ነገሩኝ። እውነት ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ክብደቱ በአንድ ወይም በሁለት ኪሎ ይቀንሳል፤ ጉልበቱን በተመለከተ ግን ጆሮዎ እንዳያታልልዎ። ድምፅ ሲጨምር ፍጥነት የጨመረ ይመስላል። የማርሚታው ውስጣዊ አሠራር ከሞተሩ ጋር ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ውስጡ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለው የመጎተት ኃይል ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ የሚፈለገው ደግሞ በትክክል ያ ኃይል ነው። በካናዳ ተራሮች ላይ ማርሚታ የሚለውጡትም ቢሆኑ ለዚያው ሞተር ተሰልቶ የተሠራ ሌላ ያስገባሉ እንጂ የፋብሪካውን በመጋዝ አይቆርጡም። በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱን ከእርስዎ ጋር የሚጋሩት በቅሎዎችና አህዮች አሉ፤ የደነበረ በቅሎ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ኪሎ ትርፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ጨርሶ አውጥቼ በመርገጫ ብቻ ባስነሣውስ? (ከብቸና)

መልስ፦ ለ150 ሲሲ ሞተር የሚሆን የእርሳስ ባትሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ማራኪ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ባትሪው ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን ኃይል የሚያረጋጋ ጭምር ነው። ባትሪው ሲወጣ መብራቱ ከሞተሩ ዙር ጋር እየደመቀና እየፈዘዘ ይሄዳል፣ አምፑሎችም ይቃጠላሉ፤ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ በሚረጭ ሞተር ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ሊቲየም ባትሪ ክብደቱ የእርሳሱ ሲሶ ገደማ ነው። የሚገዙት ከሆነ የሞተርዎ የመሙያ ቮልቴጅ ለእርሱ የሚስማማ መሆኑን በመለኪያ ያስረጋግጡ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት ስለሚጎዳው በደጋ ውርጭ ጊዜ ሞተሩን ሌሊት ከቤት ውስጥ ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሞተሩን ለማቅለል ብሎ መስተዋቶቹን፣ ፍሬቻዎቹን፣ የተሳፋሪ መርገጫውንና የፊት ፍሬኑን ከነገመዱ አወጣቸው። የፍሬኑን ቡሎኖችም በአሉሚኒየም ሊለውጣቸው ያስባል። እኔ ስለ ሞተር አላውቅም፤ ነገር ግን ልቤ አላረፈም። (እናት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልብዎ ያላረፈው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። የተሳፋሪውን መርገጫ በተመለከተ ልጅዎ ሰው የማይጭን ከሆነ ቢያወጣው አይጎዳም፤ ሰው የሚጭን ከሆነ ግን ወዲያው ይመልሰው፣ የተንጠለጠለ እግር በጎማ ሽቦ ውስጥ ይገባልና። መስተዋቱና ፍሬቻው አንድ ላይ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ደግሞ ዓመታዊውን ምርመራ አልፎ ቦሎ መውሰድ አይችልም። የፊት ፍሬኑ ግን በዛሬው ቀን ይመለስ። ሞተር ሳይክል ፍሬን ሲይዝ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይበልጥ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው እየቀለለ ስለሚመጣ በኋላ ፍሬን ብቻ የሚቆም ሰው ወይ ይንሸራተታል ወይ አይቆምም። ከዲጎ ጽዮን በኩል ወደ ሞጣ ሲወርድም በሞተሩ ማርሽ እያስያዘ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች እያፈራረቀ መውረድ አለበት።

የአሉሚኒየም ቡሎን ከብረት ቡሎን በክብደት ሲሶ ያህል ነው፤ በጥንካሬም በብዙ ያንሳል። ፓራፋንጎና የጎን ፕላስቲክ በሚያዙበት ቦታ ሊገባ ይችላል። ፍሬን፣ የጎማ አክሲስና መሪ በሚታሰሩበት ቦታ ግን ፋብሪካው ያስገባው የብረት ቡሎን ብቻ ይግባ። ልጅዎ ያወጣቸውን ቡሎኖች በማናቸውም ብረት እንዳይተካቸውም ይንገሩት፤ በቡሎኑ ራስ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8 ወይም 10.9፣ የጥንካሬው ደረጃ ስለሆነ ከነባሩ ጋር እኩል ወይም የበለጠ መሆኑን አይቶ ይግዛ።